ፍጹም የመረጠው ላፕቶፕ

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሰላማዊት ታደሰ፤

ያለሽበት አገር አየር ምንም ቢከብድ እግዚአብሔር ጤናሽን አያጓድልብሽ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ አልጋነሽም ደህና ናት፤ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አግኝቻት ስላንቺ አውርተናል።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ሁሉ ንግግር የተረፈኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ላፕቶፕሽ ይግላል፣ ሲብስበትም በራሱ ይጠፋል። የቀረው "እ..."፣ "ማለቴ"፣ "ምን መሰለዎት" ነው። ከእንግዲህ በድምፅ አትላኪልኝ። ድምፅ ተመልሶ አይነበብም፣ አይሰመርበትም፣ አይታረምም። እኔ በእጄ ጽፌ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። አንቺም በሥርዓት ጽፈሽ መልሺልኝ።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ እናትሽ አስረድታኛለች። የርቀት ትምህርትሽን የመጨረሻ ፈተና ሐምሌ 16 ቀን በኢንተርኔት ትፈተኛለሽ። ካሜራው እስከ መጨረሻው መብራት አለበት። መሣሪያው መሐል ላይ ከጠፋ ፈተናው ይሰረዛል፤ ኮሌጁም የድሮውን ሥርዓተ ትምህርት ስለሚዘጋ ሌላ ዙር የለም፤ ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ። የሰው ወለል እየወለወልሽ ዓመታት የለፋሽበት የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ በአንድ የጋለ ዕቃ እንዲቀር አልፈልግም። ስለዚህ ምክንያቱን እንፈልጋለን።

ከመጀመሬ በፊት አንዱን ምክንያት ከመንገድ ላንሳ። ላፕቶፑን እዚያው ኩዌት፣ ራይ ካለው ገበያ የመረጠልሽ፣ ቤትሽ ድረስ አምጥቶ ያዘጋጀልሽ ልጄ ፍጹም ነው። ፍጹም ፊንጣስ ውስጥ የሰው መኪና ይንዳ እንጂ ለኮምፒውተር የተፈጠረ ልጅ ነው፤ የመረጠው ዕቃ ብልሽት አይኖረውም። እንግዲህ ጥፋቱ ከዕቃው ካልሆነ ከያዘው ሰው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምርሽ ሙቀትንና የሙቀት መጠንን ሳትለዪ ክፍሉን ማለፍሽን አልረሳሁም።

አሁን መልሺ። ላፕቶፑን የምታስቀምጪው ምን ላይ ነው? በላዩ ወይም በሥሩ ምን አለ? የሚበራውና የሚጠፋው መቼ ነው? የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፤ ከተጠየቅሽው ውጭ አትጻፊ።

አጎትሽ እሸቴ


አባሲያ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ እሸቴ፤

የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዳይፈታተነው እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

የማስቀምጠው አልጋዬ ላይ ነው። ከሊድያ ጋር የምንጋራው ክፍል ጠረጴዛ የሚያስገባ ቦታ የለውም፤ በሁለቱ አልጋዎች መካከል የምናልፈውም በጎናችን ነው።

በሥሩ ብርድ ልብስ አለ። በላዩ እናቴ በሰው የላከችልኝ ዳንቴል አለ። ለላፕቶፑ ብላ ለክታ የሠራችው ነው፤ ዙሪያውን ዘርፍ አለው። ስሠራበት አነሳዋለሁ፤ ሳልሠራበት አለብሰዋለሁ።

አይጠፋም። ፍጹም ሲያዘጋጅልኝ "ፈጽሞ እንዳታጠፊው፤ ክዳኑንም ከዘጋሽ ዝጊ እንጂ ከሶኬት አትንቀዪው" ብሎኛል። ስለዚህ ጠዋት አሠሪዬ ማዳም ቤት ሳጸዳ፣ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ፀጉር ስሠራ፣ ሌሊት ስተኛም በርቶ ነው። ሊድያ የታጠበ ሻሿን ታደርቅበታለች።

ከጥያቄው ውጭ እንዳልጽፍ ስላዘዙኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ሰላማዊት


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰላማዊት፤

እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጥሽ፤ ጤናማ መሆንሽን ከጽሑፍሽ አይቻለሁ።

ዳንቴል! እናትሽ ሬዲዮ ያለበሰች፣ ቴሌቪዥን ያለበሰች፣ የውሃ ማጣሪያ ሳይቀር ያለበሰች ሴት ናት። ወንድሜ በሕይወት እያለ "እቤቴ ውስጥ ራቁቱን ያለ እኔ ብቻ ነኝ" ይል ነበር። ላፕቶፕ ግን ሬዲዮ አይደለም፤ ይተነፍሳል። በሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች አየር ይስባል፣ በጎኑ ወይም በጀርባው ያስወጣል። አንቺ ከታች በብርድ ልብስ፣ ከላይ በዳንቴል አፍነሽ "ለምን ትኩሳት ያዘው?" ብለሽ ታለቅሻለሽ። የታመመ ሰው እንዲህ ብታስታምሚ ቀብሩ ላይ ትቆሚ ነበር።

ብርድ ልብሱን አስወግጂ። ጠፍጣፋ ጣውላ ፈልጊና አልጋው ላይ አድርጊ። በላፕቶፑ አራት ማዕዘን ሥር የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ሸጉጪበት፤ አየር እንዲገባው ከፍ ይበል። ዳንቴሉን ትራስሽ ላይ አድርጊው። ሌላ ምንም አትንኪ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው ሳያውቅ ይኖራል።

አታጥፊው ስላለሽ ነገር፦ ፍጹም ካለ ምክንያት ይኖረዋል። እንዳለሽ አድርጊ።

ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንዳየውና ምን ምክር እንደሰጠሽ ጻፊልኝ። የማንንም ምክር ግን ሳትነግሪኝ እንዳትፈጽሚ።

እሸቴ


አባሲያ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። የዘገየሁት ማዳም እንግዶች ስለነበሩባት ዕረፍት አጥቼ ነው።

ጣውላውን ከሕንፃችን ጠባቂ አገኘሁ። ቆርኪዎቹንም አደረግሁ። እንደ በፊቱ እጅ አያቃጥልም፤ ይግላል ግን። ለፈተናው ልምምድ ካሜራ አብርቼ ስቀመጥ ከመጨረሴ በፊት ድርግም ብሎ ጠፋ።

ያየው ማን እንደሆነና ምን እንደመከረ ስለጠየቁኝ፦ መጀመሪያ ያየው እዚህ አባሲያ ያለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። በዚያው ሰሞን ጦዝ ተነሥቶ፣ እዚህ የአቧራውን ማዕበል እንዲያ ነው የሚሉት፣ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጥርሳችን ሳይቀር አሸዋ ሆኖ ነበር። አቧራ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ፈራሁና ሳልጠይቅዎ ወሰድኩት። ይቅርታ። ሰውየው ፈታው፣ ነፋው፣ ውስጡ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ቀየረ።

"ብዙም አቧራ የለበትም" አለኝ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ኩዌት ነዋ! እኔም እግላለሁ" አለና ሳቀ።

ሁለተኛው ያየው ፍጹም ነው። ዓርብ ዕረፍቱ ስለሆነ መጥቶ ሻይ ጠጣ። ጣውላውንና ቆርኪውን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። "አባዬ ነው አይደል ያዘዘሽ? እሱ እኮ ከጠመኔ ዘመን አልወጣም" አለ። "ሙቀት ለማሽን ጤናው ነው፤ አንቺ ደግሞ መወልወያሽን ያዢ፣ ይህን ለእኔ ተይው።" ከዚያ ክዳኑን ወደ ራሱ አዙሮ ጥቂት ነካካና "አስተካክዬልሻለሁ" ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማራገቢያው ጩኸቱን አያቆምም። ሙቀቱም ጨምሯል።

ከተጠየቅሁት አልወጣሁም።

ሰላማዊት


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰላማዊት፤

ሰላም ለአንቺና አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ይሁን።

"ኩዌት ነው" መልስ አይደለም። ተማሪ "ለምን ዘገየህ?" ሲባል "መንገድ ነው" እንደሚለው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ዕቃሽን የጣልሽው ሳትጠይቂኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ስለ ፍጹም የጻፍሽውን አነበብኩ። ስለ ጠመኔ ያለው ቀልድ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ተጫዋች ነው። እሱ ካስተካከለው በኋላ ባሰበት ማለትሽ ግን የችኩል ሰው አስተሳሰብ ነው። ጥሩንባ ተነፍቶ ዝናብ ቢዘንብ ጥሩንባው አዘነበ አይባልም። ይህን ያስተማርኩሽ መሰለኝ፤ የተማርሽው ግን አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አየር አገኘ፣ አቧራው ጠራ፣ ቅባቱ ተቀየረ፤ አሁንም ይግላል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ሥራ የሌለው ሰው አያልበውም፤ ሥራ የሌለው መሣሪያም አይግልም። ስለዚህ አንቺ ምንም ሳታሠሪው ሥራ አለው ወይስ የለውም?

እንዲህ አድርጊ። ምንም ሳትከፍቺ አብርተሽው ተቀመጪ። ኢንተርኔቱ እንዳለ ማራገቢያውን አዳምጪ፣ እጅሽንም በአየር መውጫው ላይ አድርጊ። ቀጥሎ ኢንተርኔቱን አቋርጪና እንደዚያው አዳምጪ። ደጋግሚው። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ወሬ እንጂ ውጤት አይባልም። በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ አስተያየትሽን አልጠየቅሁም።

እሸቴ


አባሲያ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋቢዎ ሙቅ፣ ቤትዎ ሰላም ይሁን። የዛሬው የዚህ አገር ፀሐይ ሃምሳ ዲግሪ ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። ከባቃላ፣ ከሰፈሩ ሱቅ ማለቴ ነው፣ ውሃ ገዝቼ እስክመለስ የጫማዬ ሶል አስፋልቱ ላይ ይጣበቅ ነበር። ይህን የምነግርዎ ከብርድ አገር ሆነው ስለ ሙቀት ሲያስተምሩኝ የሚሰማኝን እንዲያውቁልኝ ነው። አስተያየት ነው፤ ሊሰርዙት ይችላሉ።

ውጤቱ ይኸው። ኢንተርኔት ሲኖር ማራገቢያው ይጮኻል፣ የሚወጣው አየር ይፋጃል። ሲቋረጥ ወዲያው ዝም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ሰውነቱ ይበርዳል። ደጋግሜ ያው ነው።

ራሴን እያታለልኩ እንዳይሆን ደግሞ ሊድያን ዓይኔን በሻሽ አስሪልኝ አልኳት። እሷ ሳትነግረኝ ኢንተርኔቱን ስታቋርጥና ስትመልስ እኔ በጆሮዬ ብቻ "አሁን አለ፣ አሁን የለም" እያልኩ ነገርኳት። አንድም ጊዜ አልሳትኩም። ሊድያ "አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ሁኚ እንጂ የምን ሒሳብ ነው!" አለችኝ።

ጋሼ፣ ምክንያቱን አሁን አውቄዋለሁ። እርስዎ እስኪጠይቁኝ ግን እጠብቃለሁ። ፈተናው እየቀረበ ስለሆነ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ሰላማዊት


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰላማዊት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዓይንን አስሮ መመርመር ጥሩ አድርገሻል። ከማን ተማርሽው አልልም።

ጉዳዩ ተፈታ። መሣሪያሽ አልታመመም፤ ተቀጥሮ ነው። በሰው ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮግራም ደብቀው፣ ኮምፒውተሩን ሌት ተቀን በኢንተርኔት እያሠሩ ዲጂታል ገንዘብ የሚለቅሙ ሰዎች እንዳሉ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ለዚያ ነው የሚያልበው። የአንቺን ዕቃ ያለ ፈቃድሽ የሚያሠራ ሰው አለ።

ይህን ያደረገው ሰው ከኪስ ሌባ ያንሳል። ኪስ አውላቂ ቢያንስ በእጁ ይደፍራል፤ ሲያዝ ይደበደባል፣ ካልተያዘም ይሮጣል። ይህኛው ግን ቁጭ ብሎ፣ ሳያልበው፣ በአንዲት ለፍቶ አዳሪ ሴት ዕቃ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ፈተናዋ ቢሰረዝ፣ ዕድሜዋ ቢባክን ግድ የለውም። እኔ የሚገርመኝ እሱ አይደለም፤ ያሳደገው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይወጣል? አባት የሚባል ነገር በቤቱ ነበር? ከነበረስ ምን ሲያስተምር ነው የዋለው?

አሁን እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ክፈቺ። ከሁሉ ይልቅ መሣሪያውን የሚያደክመውን ፈልጊ። አጠገቡ በማን ስም እንደተከፈተ ይጻፋል። ያንን ስም ጻፊልኝ። እንደ ልማድሽ አታስተባብዪ፣ አትሸፋፍኚ። የሌባውን ስም እፈልጋለሁ።

እሸቴ


አባሲያ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። የዘገየሁት ስሙን ለማየት አይደለም፤ ያየሁት በሰኔ ወር ነው። የከበደኝ መጻፉ ነበር። ደግመው ስላዘዙኝ ይኸው ጻፍኩት።

ፍጹም እሸቴ።

ሲያዘጋጅልኝ ዋናውን መክፈቻ በራሱ ስም አድርጎ፣ ለእኔ ታናሹን ነው የሰጠኝ። በእኔ በኩል ፕሮግራሙን ላጠፋው ብሞክር የእሱን የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ደወልኩለት።

"ፍጹሜ፣ ይህን ነገር አውጣልኝ። ፈተና አለብኝ።"

"ምን ጎደለብሽ? መብራቱ ከኪራዩ ጋር ነው የሚከፈለው።"

"እየጠፋብኝ ነው እኮ!"

"ማሽኑን የመረጠልሽ ማን ነው? ራይ ድረስ በመኪና የወሰደሽ ማን ነው? ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ትንሽ ቢሠራልኝ ምን አለበት? አንቺ እንደሆነ ዲግሪውን ይዘሽ ተመልሰሽ መወልወያሽን ነው የምትይዢው።"

ከዚያ ዘጋው። አሁን ስደውል አያነሣም።

ስለ አባቱም ጠይቀው ነበር። አባቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ምን ሲያስተምሩ እንደዋሉ እኔ አላውቅም፤ እኔን ያስተማሩኝን ግን በሚገባ ይዤዋለሁ።

ሰላማዊት


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰላማዊት፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ለፍጹም ደወልኩለት። ይክዳል ብዬ ነበር፤ ቢክድ ይሻለኝ ነበር። "አባዬ፣ አንተ አይገባህም" አለኝ። "እሷ ጽዳት ናት። ኮምፒውተሩን ለምን ትፈልገዋለች?" አለኝ። "ፈተና አለባት" ስለው "አንተ ራስህ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አልገባት አላልከኝም?" አለኝ። ያልኩት እውነት ነው።

የይለፍ ቃሉን ላክላት ብለው "ከሰጠኋት ትዘርፈኛለች" ብሎ እንቢ አለ። ያጠራቀመው ዲጂታል ገንዘብ ሁሉ የሚከፈትበት ቁልፍ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ በሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀመጠም። ይህም ከልጅነቱ ነው፤ የቤት ሥራውን ሁልጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ሠርቶ ይጥለው ነበር። ላፕቶፑ ቢጠረግ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ከፊል የሚሉት አሠሪው ከዓርብ በፊት አይለቀውም። ዓርብ፣ ሐምሌ 18 ቀን፣ ራሱ መጥቶ እንዲያወጣ እንድትታገሺው ይለምንሻል።

ፈተናው ሐምሌ 16 እንደሆነ አውቃለሁ። ምናልባት ኮሌጁን ብትለምኛቸው፣ ለሁለት ቀን ቢያራዝሙልሽ... ወይም በስልክሽ ብትፈተኚ... አንቺ ገና ወጣት ነሽ። እሱ አንድ ልጄ ነው። ይህን የምጽፈው አደራ ስለተባልኩ ነው።

እሸቴ


አባሲያ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ከሳሎን ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ደብዳቤዎ የደረሰኝ። እቤት እስክገባ አልታገሥኩም።

በስልክ መፈተን አይፈቀድም። ቀን ማራዘምም አይፈቀድም፤ ኮሌጁ ይህን በጽሑፍ ያሳወቀን ከወራት በፊት ነው፤ ለእናቴ ነግሬአት እሷ ለእርስዎ ነግራለች፤ እርስዎም በመጀመሪያው ደብዳቤዎ "ሌላ ዙር የለም" ብለው ጽፈውልኛል። የሚያውቁትን ነገር እንደማያውቁት ሆነው ጠየቁኝ። እኔ ተማሪዎ ሳለሁ እንዲህ ብመልስ ከክፍል ያስወጡኝ ነበር።

ከወር በላይ ስለ ዳንቴል ሰድበውኛል፣ እናቴን ሰድበዋል፣ ጠጋኙን ሰድበዋል። ሌባውን ደግሞ ከሁሉ አስበልጠው ሰድበዋል፤ ያንን ደብዳቤ ሊድያ ጮክ ብላ አንብባው በሳቅ ከአልጋዋ ወድቃለች። ስሙን ሲያውቁ ግን ስድቡ አለቀና ልመና ሆነ።

ጠጋኙን ጠይቄዋለሁ፤ ያለ ይለፍ ቃል ሁሉንም ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ይችላል። ሰኞ ጠዋት ከማዳም አስፈቅጄ እወስደዋለሁ። ፍጹም እስከዚያ የይለፍ ቃሉን ከላከልኝ ፕሮግራሙን ብቻ አወጣለሁ፤ ቁልፉን አልነካበትም። ካልላከ ይጠረጋል። ከወለል ወልዋይ መዝረፍ የጀመረው እሱ ነው፤ እዘረፋለሁ ብሎ የሚፈራውም እሱ ነው።

ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም። ከፍጹም ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ሰላማዊት ታደሰ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰላማዊት ታደሰ፤

ጥረጊው።

ትናንት ማታና ዛሬ ጠዋት ለፍጹም ደውዬ የሰጠሽውን ጊዜ ነገርኩት። "ታስፈራራኛለች እንጂ አታደርገውም፤ እሷ ምን አቅም አላት?" አለ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ያንቺ ሳይሆን የእሱ ምርጫ ሆነ። ሰው እሳት ላይ ያለ ድስት እጁ እያለ ሳያወርድ ቢቀር ድስቱን አይከሰውም።

ደብዳቤሽን እንደ ፈተና ወረቀት አነበብኩት። በሐሳቡ ላይ የማርመው አላገኘሁም። ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል።

ከመጠረጉ በፊት የትምህርት ማስታወሻዎችሽን ወደ ፍላሽ ገልብጪ። ገልብጠሽ አትመኚ፤ ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተሽ እያንዳንዱ መነበቡን እዪ። አዲሱ ሲጫን ዋናው መክፈቻ በአንቺ ስም ይሁን፤ የይለፍ ቃሉንም ራስሽ ምረጪ። ማክሰኞ የልምምድ ፈተናውን እንደ እውነተኛው ቀን አድርገሽ፣ ካሜራውን አብርተሽ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተፈተኚ። ክፍላችሁ አየር ማቀዝቀዣ ካለው ለፈተናው ሰዓት ወደ አንቺ እንዲዞር ሊድያን ለምኚያት።

ፍጹም ሲመጣ "አባትህ ነው ያዘዘኝ" በይው። ውሸት አይሆንም፤ ከላይ ጽፌዋለሁ።

እሸቴ


አባሲያ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱ። እኔ ደህና ነኝ።

ረቡዕ ተፈተንኩ። እስከ መጨረሻው አልጠፋም። ሊድያ አየር ማቀዝቀዣውን ወደ እኔ አዙራ፣ ካሜራው ውስጥ እንዳትገባ መሬት ላይ ተኝታ ዋለች። ጥያቄዎቹ ከባድ ነበሩ፤ ግን የፈራሁት ጥያቄውን እንጂ ማሽኑን አልነበረም። እንደ ሌላው ሰው መፍራት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልነግርዎ የምችል አይመስለኝም።

ፍጹም ትናንት መጣ። አልቀመጥም አለ። ላፕቶፑን ከጣውላው ላይ አንሥቶ ከፈተና የእኔን ስም አየ።

"የት አለ?" አለ።

"ተጠርጓል። ሰኞ ጠዋት ድረስ ጠብቄህ ነበር።"

"ያበድሽ ሴት! ምን እንዳጠፋሽ ታውቂያለሽ? ለአባዬ ቤት ጣሪያ ልቀይርለት ነበር እኮ!"

"አባትህ ናቸው ጥረጊው ያሉኝ።"

አላመነኝም። ደብዳቤዎን አሳየሁት። የእጅ ጽሑፍዎን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዋን ቃል አንብቦ ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ "እሱ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል!" አለ።

ሊድያ ከአልጋዋ ሆና "አንተን ግን ያዘህ አይደል?" አለችው።

በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ደረጃው ላይ ሆኖ "እንዳይደውልልኝ በይው" አለኝ። የጣሪያውን ነገር እውነቱን ይሁን ውሸቱን እኔ መለየት አልቻልኩም። የተባልኩትን ማድረስ ስላለብኝ ጻፍኩት። ደስ ብሎኝ አይደለም።

ሰላማዊት


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰላማዊት፤

እንኳን በሰላም ፈተናሽን ጨረስሽ። ያቺን ሊድያ የምትባል ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ምላሷ ረጅም ነው፤ ቢሆንም የተናገረችው ልክ ነው።

ጣሪያው እውነት ሊሆን ይችላል። ውሸትም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሆኜ የምመረምርበት መንገድ የለኝም፤ እሱ ስልክ አያነሣም። ዝናቡ ግን በጓዳው በኩል ማንጠብጠቡን አላቆመም፤ ሳፋ አድርጌበታለሁ።

ትናንት እናትሽ ቤት ሄጄ ነበር። የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍሽን፣ ያንን ከመሄድሽ በፊት የተውሽውን፣ ተውሼ አመጣሁ። ፈተናው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብዬ ነው። መጽሐፉ በመጥፎ ተርጓሚ እጅ የወደቀ ነው፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ በዚህ ተምረሽ መፈተንሽ በራሱ ይገርማል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ መሣሪያ ሳይሰበር፣ እየሠራ እያለ፣ በየዓመቱ በመዝገቡ ላይ ዋጋው የሚቀነሰው ለምንድን ነው? የተቀነሰውስ በየትኛው በኩል ይጻፋል? ገጹን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አልገባኝም።

ጊዜ ስታገኚ አስረጂኝ።

አጎትሽ እሸቴ